ጂንስ ሱሪ ስንት ዘመን ያገለግላል? ለምንስ ያልቃል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባላት የተሰጠ ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ዕውቀት ጥቅም መልካም መልካሙን ነግረዋችኋል። እኛ ያመጣነው ርእስ ግን እንደ እነርሱ ከፍ ያለ አይደለም፤ ይኸውም ሁላችሁም የምታውቁት ጂንስ ሱሪ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ስለ ሱሪ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ ስቀን ነበር። ዳሩ ግን ያ ሳቃችን በኋላ አሳፍሮናልና ነገሩን ሳንደብቅ ከመነሻው እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ቀን ለክበብ ሥራ ስንሰበሰብ፥ ከጓደኞቻችን አንዱ ሁለት ጉልበቱ የተጣፈ ጂንስ ለብሶ መጣ። እራፊው ከሱሪው ቀለም ጋር አይመሳሰልም፤ የተሰፋበትም ክር ነጭ ነበር። እኛም ሳቅንበት፤ ስምም አወጣንለት። በዚያው ቀን ሌላው ጓደኛችን ከሱቅ አዲስ የተገዛ፥ ከፋብሪካው ጉልበቱ ተቀድዶ የመጣ ጂንስ ለብሶ ነበር፤ እርሱን ግን «እንዴት ያምራል!» ብለን አደነቅነው። ባለ እራፊው ጓደኛችን በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ በሦስተኛውም አልመጣም።

መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡንም። «እናንተ የሳይንስ ክበብ ናችሁ፤ እንግዲያውስ የአንዱ ሱሪ ቀዳዳ የሚያስከብርበትን፥ የሌላው እራፊ የሚያሳፍርበትን ምክንያት መርምራችሁ ንገሩኝ» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ስለዚህ ከየቤታችን ያረጁ ጂንሶችን ሰብስበን ቀደድን፤ ክራቸውን እየመዘዝን በአጉሊ መነጽር ተመለከትን፤ ልብስ ሰፊዎችን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አነበብን። ያገኘነው እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጨርቁ እንናገር። የጂንስ ጨርቅ መሠረቱ ጥጥ ነው፤ እንደ ሸማችንም ድርና ማግ አለው። በሸማ ላይ ማጉ አንዱን ድር ከላይ፥ ቀጣዩን ከታች እያለ ያልፋል። በተለመደው የጂንስ ጨርቅ ግን ድሩ በሦስት ማጎች ላይ ይወጣና በአንዱ ሥር ይገባል፤ ቀጥሎ ያለው ድር ደግሞ ይህንኑ አንድ ማግ አለፍ ብሎ ይጀምራል። ጨርቁን ልብ ብላችሁ ብታዩት በሰያፍ የተሰመሩ ቀጫጭን መሥመሮች የምታገኙት ስለዚህ ነው። ድሩ በኢንዲጎ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ሲሆን፥ ማጉ ያልተነከረ ነጭ ነው። ስለዚህ ሱሪው በውጭ ሰማያዊ፥ በውስጥ ነጣ ያለ ይሆናል። ቀለሙም እስከ ክሩ እምብርት አይዘልቅም፤ የሚይዘው ዳር ዳሩን ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፥ ጨርቁ በሚታሽበት ቦታ የላይኛው ቀለም ይለቅና የክሩ ነጭ ልብ ይታያል። መንጣት ማለቅ አይደለም፤ ነገር ግን መታሸቱ የበረታበትን ቦታ ያመለክታል። ሁለተኛ፥ በውጭ በኩል በብዛት የሚወጣው ድሩ ስለሆነ አስቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። ጉልበቱ ያለቀ ጂንስ ብታዩ፥ ሰማያዊው ድር ተበጥሶ ነጩ ማግ ብቻውን ወደ ጎን ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ድርና ማግ ከተለያዩ ግን አንበሳ ማሰር ይቅርና ጉልበት እንኳ አይሸፍኑም።

ክሩም ራሱ አጫጭር የጥጥ ጭረቶች አንድ ላይ ተፈትለው የተያያዙበት ነው። ጨርቅ ከጨርቅ ጋር በታሸ ቁጥር የጭረቶቹ ጫፍ ይወጣል፤ ይበጠሳል፤ ብናኝ ሆኖም ይሄዳል። ክሩ በዚህ ዐይነት ቀስ በቀስ ይቀጥናል። ስለዚህ ሱሪ በአንድ ቀን ያለቀ ቢመስለንም፥ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሲያልቅ የቆየ ነው።

ታዲያ የሚያልቀው የት ነው? በአብዛኛው በጭኖች መካከል፥ በጉልበት፥ በመቀመጫ፥ በኪስ አፍና መሬት በሚነካው የእግር ጫፍ ነው። አንድ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ግማሽ ሰዓት በእግሩ ይሄዳል እንበል። በደቂቃ 100 እርምጃ ቢራመድ፥ ለመሄድ 3,000፥ ለመመለስም 3,000 እርምጃ ይሆናል። ጭኖቹ የሚነካኩ ከሆነ ሱሪው በቀን 6,000 ጊዜ ታሸ ማለት ነው። ሱሪው ቢጠብ ደግሞ ከመታሸቱ በላይ ስፌቱ ስለሚወጠር መከራው እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት ሪኖ በምትባል ከተማ ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ለጉልበት ሠራተኞች የሚሰፋው ሱሪ ኪሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀደድ፥ ስፌቱ በሚጨነቅበት ማዕዘን ሁሉ የመዳብ ሪቬት፥ ማለት በሁለት ወገን ተቀጥቅጦ የሚያዝ አጭር ሚስማር፥ መታበት። ጨርቁን ይገዛ የነበረው በሳን ፍራንሲስኮ ነጋዴ ከነበረው ከሌቪ ስትራውስ ነው፤ ሁለቱም ተባብረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 20 ቀን 1873 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን በቁጥር 139,121 አስመዘገቡ። ጂንስ ከመነሻው የሥራ ልብስ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። ሆኖም ሪቬቱ መቀደድን እንጂ መታሸትን አያቆምም። ኪሱ ሳይቀደድ ጭኑ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ከመታሸት ሌላ በየቤታችን የምንሠራው ጥፋትም አለ። አቧራና አሸዋ በክሮቹ መካከል ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል፤ ስለዚህ «ጂንስ ባይታጠብ ይሻላል» የሚለው ወሬ ሙሉ እውነት አይደለም። በሌላ በኩል በድንጋይ ላይ አጥብቆ ማሸት፥ በብሩሽም መፈግፈግ፥ መንገድ ለመንገድ ከሚደርስበት የባሰ መታሸት ነው። በረኪና ደግሞ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጥጡን ራሱን ያደክመዋል። ብርቱ ፀሐይም ቀለሙን ያነጣል፤ ብዙ ከቆየበት ጥጡንም ያሳሳዋል።

እንግዲህ ሱሪው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚደርስበትን እንመልከት። ሰዎች ያረጀ የሚመስል ጂንስ ስለሚወዱ፥ ፋብሪካዎች አዲሱን ሱሪ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ከሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር በትልቅ የማጠቢያ መኪና ያንከባልሉታል፤ ወይም ጥጥ በሚበላ ኢንዛይም ያጥቡታል፤ ወይም ጉልበቱን ይፍቁታል። ይህ ሁሉ ከዕድሜው ላይ የሚቀነስ ነው። እንዲሳብ ተብሎ ኤላስታን የሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበትም ሱሪ ለሰውነት ይመቻል፤ ነገር ግን ኤላስታኑ በሙቀትና በበረኪና ይጐዳል፤ በጊዜ ብዛትም ሱሪው ይለጠጥና አይመለስም።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን ይህ ነው። ሱሪውን ለማንጣት አሸዋ በኀይለኛ አየር ይረጩበት ነበር። የአሸዋው ብናኝ ወደ ሠራተኞቹ ሳንባ እየገባ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ አመጣባቸው። በቱርክ አገር ብዙ ወጣቶች በዚህ በሽታ ስለ ተጐዱና ስለ ሞቱ፥ መንግሥቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ይህን አሠራር ለጂንስ ከለከለ። አንድ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል የሰው እስትንፋስ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን ጥያቄ እንመለስ፤ ጂንስ ስንት ዘመን ያገለግላል? መልሳችን «በዓመት አትቁጠሩት» የሚል ነው። በሳምንት አምስት ቀን የሚለበስ ሱሪ በዓመት 260 ቀን ይለበሳል፤ ሁለት ሱሪ በተራ ቢለበስ ለእያንዳንዱ 130 ቀን ይደርሰዋል። ሁለቱ እኩል ዓመት ቢኖራቸውም እኩል አላረጁም። ሱሪን የሚያስረጀው የተለበሰበት ቀን፥ የተሄደበት መንገድና የታጠበበት አኳኋን ነው። ስስና ጠባብ የሆነ ሱሪ በየቀኑ ቢለበስ በአንድ ዓመት ውስጥ ጭኑ ሊሳሳ ይችላል፤ ወፍራሙ በተራ እየተለበሰ፥ በጊዜውም እየተጣፈ ብዙ ዓመት ይዘልቃል።

ይህን ካወቅን በኋላ ወደ ቀረው ጓደኛችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ስለ ሱሪው ስናነሣ፥ «ልጆቼ፥ በክረምቱ ከአጎቱ ጋር ኮብልስቶን ሲያነጥፍ እኮ ነው ጉልበቱ ያለቀው፤ ደብተሩን የገዛው በዚያ ነው» አሉን። እኛም አንገታችንን ደፋን። የጠፋብን መልስ ያን ጊዜ ተገለጠልን። የሳቅንበት እውነተኛ የሥራ ምልክት ነበር፤ ያደነቅነው ግን የሥራን ምልክት አስመስሎ የተሠራውን ነው። ይህን የምንለው የተቀደደውን የገዛ ጓደኛችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከእኛ ጋር አብሮ ይቅርታ የጠየቀ እርሱም ነው።

እናቱ የመጣፍን ጥበብ አሳዩን፤ ለእናንተም እናካፍላችሁ። ሱሪያችሁን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ቀዳዳ እስኪሆን አትጠብቁ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና። እራፊው ካረጀ ጂንስ የተቆረጠ፥ የታጠበና የለሰለሰ ይሁን፤ አዲስና ደረቅ ከሆነ በታጠበ ጊዜ ይሸበሸባል፤ ዙሪያውንም ይቀድዳል። ከውስጥ በኩል አድርጉት፤ ከሳሳው ቦታ በየወገኑ ሁለት ጣት ያህል ይለፍ። ዳር ዳሩን ብቻ ሳይሆን መካከሉንም በብዙ ረድፍ ስፉት። ስታጥቡትም ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ቀስ ብላችሁ እሹት፤ በጥላም አስጡት።

ዛሬ በክበባችን ክፍል ውስጥ መርፌ፥ ክርና የአሮጌ ጂንስ ቁራጭ ያለበት ሣጥን አለ። ማንኛውም ተማሪ መጥቶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ መስፋት ያልቻለውንም እናሳየዋለን። ወላጆቻችን አንድ ሱሪ ለመግዛት ምን ያህል እንደሚደክሙ የምናውቅ ሁሉ፥ ያን ሱሪ አንድ ዓመት ጨምሮ እንዲያገለግል ብናደርገው ድካማቸውን አቀለልን ማለት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምር። ያ ባለ እራፊ ጓደኛችን ወደ ክበቡ ተመልሷል፤ ይህን ንግግር ካዘጋጀነውም አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አንነግራችሁም፤ በሱሪው እንዳትለዩት ዛሬ ሁላችንም ጉልበታችን የተጣፈ ጂንስ ለብሰን መጥተናልና።