ጳጉሜንና የባለ ጡረታው ከረጢት

አቅራቢው፦ እኅቴ ሆይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በአገልግሎት ዘመኑ ከደመወዙ 7 በመቶ እያስቆረጠ፣ መሥሪያ ቤቱም 11 በመቶ እየጨመረለት፣ 60 ዓመት ሲሞላው የሚያገኘው አበል በወር አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን፣ ዓመታችን ባለ 13 ወር በመሆኑ ጳጉሜን ያለ ሲሳይ ታልፋለች።

አቅራቢዋ፦ አዎን፣ ወንድሜ፤ አምስት ዕለት፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ስድስት ብትሆንም፣ ጾመ ፍልሰታ ተፈትቶ የዕንቁጣጣሽ ወጪ፣ የልጅ ልጆች ደብተርና የዕድር መዋጮ በአንድነት በሚደራረቡበት ሰሞን ስለምትውል ከልኳ በላይ ትከብዳለች።

አቅራቢው፦ ለአምስቱ ዕለት ቀለብ ከየ1000 ብሩ 14 ብር ያህል በየወሩ ማኖር ይበቃል።

አቅራቢዋ፦ ለቀለቡስ ይሁን፤ በዓሉን ግን አይሸፍንም። እኔስ በባሕር ዳር ያሉ አረጋውያን ዕጣው በነሐሴ የሚወጣላቸው አነስተኛ ዕቁብ ቢጥሉ፣ በጉን ለሚችል ትተው ከጣና ጀልበኞች ዓሣ ቢገዙ እመርጣለሁ።

አቅራቢው፦ ዓሣ ለዕንቁጣጣሽ? ባለቤቴ አትሰማሽ!

አቅራቢዋ፦ እንግዲያስ ዕቁቡን ከመስከረም ጀምሩ።