ቃል ብቻውን ቤት አያወርስም



በመቱም ሆነ በጎሬ ወይም በበደሌ፣ ሕመም የጸናበት አባት «ቤቴ ለጦረችኝ ልጄ ይሁን» ብሎ ቢያርፍ፣ ቃሉ በጎረቤት ዘንድ እንደ ኪዳን ይከበራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቃል የሚደረግን ኑዛዜ የሚቀበለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ውርሱ ለልጆች ሁሉ እኩል ይከፈላል፤ ጧሪዋ ቃሉን ይዛ ትቀራለች።

ስለዚህ የሕግ ባለሙያ ተግባር ከለቅሶው በፊት ይጀምራል። አረጋዊው በጤናው ሳለ ኑዛዜውን ያጽፍ፤ ጽሑፉ በእርሱና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ መነበቡና ቀኑም በውስጡ ይገለጽ፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርሙ። አንዲት ሐረግ ጎድላው የፈረሰ ኑዛዜ ወንድምን ከእኅቱ ያጣላል።