ነፊዎቹ ሆሳዕና ይምጡ

በምሩቃን መገናኛችን ሆሳዕና ላይ የተደረገ ንግግር

አንዳንዶቻችሁን ጅማ ከተለያየን ወዲህ አላየኋችሁም። ፀጉራችን ባይመሰክርብን ኖሮ ጊዜው ይህን ያህል መሄዱን አላምንም ነበር።

አዘጋጆቹ ስለ ትንፋሽ መሣሪያ ኮንሰርት እንድናገር ጠይቀውኛል። ወሬው ላልደረሳችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የሚማሩ፣ ክላርኔት፣ ፍሉት፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን የሚነፉ ልጆች ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሾኔ ድረስ መጥተው የቆየና አዲስ ሥራ እንዲያቀርቡ ሐሳብ ቀርቧል። ከእኛ የሚፈለገው የአውቶቡስ ኪራይ፣ አልጋና እራት ነው። ኮሚቴው ውስጥ ግን ክርክር ተነሣ። አንድ የምወደው ባልደረባዬ፣ «ትንፋሽ ላጠረው ሕመምተኛ ኦክስጅን እየለመንን፣ ትንፋሽ ለተረፈው ልጅ አውቶቡስ እንከራያለን ወይ?» አለ። ሳቅን። ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የኦክስጅኑ ሲሊንደር መርፌ ወደ ቀዩ ሲወርድ ሌሊት ቆሜ አይቻለሁ። ጥያቄውን ንቄ አላልፈውም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። «ሙዚቃ ይፈውሳል» እያልኩ ልሸጥላችሁ አልመጣሁም። ክላርኔት የሳንባ ምች አያድንም። እኔ የምከራከረው ለኮንሰርቱ በኮንሰርትነቱ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በእኛ ከተማ ጡሩንባ የሚሰማው መቼ ነው? ማለዳ፣ ሳይነጋ፣ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ሲዞር አይደል? ቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ «ማን ሞተ?» ይላል። ሌሊቱን ተረኛ ሆነን ያደርን ሰዎች ደግሞ አንዳንዴ መልሱን ከነፊው ቀድመን እናውቀዋለን፤ ያን ጊዜ ድምፁ ሌላ ነው። ሁለተኛው ጡሩንባ የማርሽ ባንዱ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ፣ ባንዲራ ሲሰቀል። የሌሞ ልጅ የትንፋሽ መሣሪያን የሚያውቀው እንግዲህ በሁለቱ ነው፤ በሞትና በባለሥልጣን። ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይመጣ፣ አሥራ ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲነፋ የሰማ ስንት ይሆናል?

ይህ የሆነው መሣሪያዎቹ ወደ አገራችን በገቡበት መንገድ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያና አስተማሪ ላኩ። ቤተ መንግሥት ገባ፣ እዚያው ቀረ። ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን እንደ ሐኪም ሳነበው ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይታየኛል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ በአርመን ገዳም የተጠለሉ አርባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ተቀበሏቸው። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ራስ ተፈሪ ፓትርያርኩን አስፈቅደው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እኛ «አርባ ልጆች» ብለን እናልፋለን። እስቲ አስቡት፤ አባትና እናት ያለቀባቸው ልጆች፣ ማልቀሻ የሚሆነውን ትንፋሽ ነሐስ ውስጥ እንዲያስገቡት ተደረገ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ዛሬ ወደ ክፍሌ ቢመጣ ስንት ጥያቄ እጠይቀው ነበር!

መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙራችንን ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ የተሰማውም በነፊዎች ነው። የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያን ደግሞ፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ እዚያ ሠሩ፤ የአገራችንን ዜማ ለትልቅ የነፊዎች ባንድ ሲያዘጋጁ ኖሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሙዚቃ፣ እናቶቻችን በሬዲዮ የሰሙት ዘፈን ጀርባ ላይ ያለው ሳክስፎን፣ ሥሩ እዚህ ነው። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርዱት መሣሪያው የውጭ መሆኑን ማን ያስታውሳል?

አሁን ደግሞ የእኛን ሙያ የሚነካ ታሪክ ልጨምር፤ ይህን ሳላወራ ብቀር ያመኛል። ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ቡድን አሠራር ሆስፒታል አልጋ ላይ የተጠነሰሰ ነው። አሜሪካ፣ ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፍሬድሪክ ፌኔል የሚባል መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ ሄፓታይተስ ታሞ ለሳምንታት ተኛ። የጉበት ሕመምተኛ ደግሞ ከመተኛት በቀር ሥራ የለውም። ተኝቶ ያሰበው እንዲህ ነው፤ ሰማንያና መቶ ሰው አንድ ዓይነት ነገር እየደራረበ ከሚነፋ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሰው ይበቃል፤ ያ ሰው የሚደበቅበት ጎረቤት አይኖረውም። በ1952 ቡድኑን አቋቋመ። የእኛው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ከዚያው ከኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1962 ነው የተመረቁት። ለኦርኬስትራ ከጻፏቸው ሥራዎች የታወቀውም የዋሽንት ነፊውን እረኛ የሚመለከት ነው። ሮቼስተር ተምረው የጻፉት ስለ እረኛ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«አንድ ድምፅ ለአንድ ሰው» የሚለው ሐሳብ ለእኛ አዲስ ነው ወይ? እምቢልታን ተመልከቱ። በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገኘው ሦስቱ ተራ ጠብቀው ሲገናኙ ነው። ወደ ደቡብ ውረዱ፣ ጊዶሌ፣ የደራሼ ሰዎች ፊላ የሚሉት አለ። የቀርከሃ ቱቦ ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ይዞ እየጨፈረ ይነፋል። አንዱ ቢቀር ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል። የጅማው ልጅ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጅማ ለተማርነው የእኛው ሰው ናቸው ማለት ነው፣ የደራሼን ሙዚቃ ስልት እየጠቀሱ በቃለ ምልልሶቻቸው ደጋግመው ተገርመዋል። እንግዲህ ፌኔል በሄፓታይተስ ተኝቶ የደረሰበትን የጊዶሌ ገበሬ ሳይታመም ይዞታል።

ሐሳቤ ወደዚህ ነው የሚያመራው። ነፊዎቹ ይምጡ፤ ግን በምን ፕሮግራም? እኔ ልጆቹ የውጭውን ትተው ይምጡ አልልም። የሞዛርት ሰሬናድ፣ ለ13 ተጫዋች የተጻፈው፣ ከ13ቱ 12ቱ ነፊ የሆኑበት፣ ሆሳዕና ላይ መሰማት አለበት። ሙሉው ሰባት ክፍል ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ቀስ የሚለው ሦስተኛው ክፍል ይበቃናል። የእንግሊዛዊው የሆልስት የመጀመሪያ ስዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የተጻፈው፣ ማርሽ ለለመደ ጆሮ ጥሩ መግቢያ ነው፤ ማርሽም አለበት። ከዚያ ኔርሴስ፣ ከዚያ ሽለላው በሳክስፎን። የቆየ ስንል የእኛም የቆየ አለና።

አዲሱ ሥራ ላይ ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አዲሱ ሥራ አዲስ አበባ ተጽፎ፣ አልቆ፣ ተጠርዞ አይምጣ። ልጆቹ ሁለት ቀን ቀድመው ይድረሱ። ያሆዴ ላይ የሚዘፈነውን ከሀዲያ እናቶች፣ የመሳላውን ከከምባታ ሽማግሎች ይስሙ። ዜማውን የሰጠው ሰው ስም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ «የሕዝብ ዜማ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ የሰጠን ሰው ስም አለው። ከዚያ ጻፉት፣ አስተካክሉት፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ባለቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማው። ካልወደደውም ይናገር፤ የእኛ አገር ሽማግሌ ለመናገር አያፍርም።

ጅማ የተማርን ሰዎች ይህ ሊገባን ይገባል። ሲቢኢና ቲቲፒ ምን ነበር? ዩኒቨርሲቲው ሐኪሙንም፣ ነርሱንም፣ የላብራቶሪውንም ልጅ በአንድ መኪና ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልከን አልነበር? መጽሐፉን ይዘን ሄደን መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ተምረን ተመለስን። አብረን ቆጮ በልተናል፣ አብረን ታመናል፣ አንዳንዶቻችንም እዚያው ተዋደን ተጋብተናል፤ ስም አልጠራም። ሐኪም ከግቢ መውጣት ካለበት ክላርኔት ነፊ የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ትንፋሹ አንድ የሙያ ነገር ልበላችሁ፤ አየር እንዳያጥራቸው የሰጋችሁ አላችሁና። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ አዲስ አበባ ግን ከእኛም ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ከዚያ ለሚመጣ ነፊ እዚህ እንዲያውም ይቀለዋል። የሚገርመው መሣሪያዎቹ ራሳቸው ነው። ቱባ ነፊው አየሩ ቶሎ ያልቅበታል። ኦቦ ነፊዋ ግን የምትነፋበት ቀዳዳ በጣም ጠባብ ስለሆነ አየሩ ይተርፋታል፤ የተቃጠለውን አየር ሳታስወጣ አዲስ መሳብ አትችልም። ይህን ሳይ አስም ያለባቸው ታካሚዎቼ ትዝ ይሉኛል። የእነሱም ችግር ብዙ ጊዜ ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው፤ ከንፈራችሁን እንደ ፉጨት አሹሉና ቀስ ብላችሁ አውጡ የምንላቸው ለዚህ ነው።

የሚቀርበው የት ነው ለሚለው፣ አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሰው ይይዛል፤ ግን ሜዳ ላይ ፍሉቱና ክላርኔቱ ነፋስ ይበላዋል፣ የሚሰማው ነሐሱ ብቻ ነው። አዳራሽ ይሻላል፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲን እንጠይቅ። ሆስፒታል ግቢ ውስጥም ይንፉ የሚል ሐሳብ ቀርቦልኝ አልተቀበልኩም። ጡሩንባ ለአስታማሚ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ምናልባት፣ ጆሯችን ሌላ ነገር ከለመደ በኋላ። ሕፃናት መሣሪያውን መሞከራቸው አይቀርም፤ ይሞክሩ፤ ግን አፍ የሚነካው ክፍል ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በሳሙና ይታጠብ። ይህን ትእዛዝ አድርጋችሁ ውሰዱት።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ። ለኦክስጅኑ ያዋጣነው ገንዘብ አይነካም። አንድ ብር አይነካም፤ ይህን ያልኩት ለኮሚቴው በጽሑፍ ነው። የነፊዎቹ ወጪ ለብቻው በሚከፈት መዝገብ ይሰብሰብ፤ ሁለቱንም የሚችል ሁለቱንም ይስጥ፣ አንዱን ብቻ የሚችል ኦክስጅኑን ይስጥ። ባልደረባዬም በዚህ ከተስማማ በኋላ የመጀመሪያው ፈራሚ እሱ ሆኗል። እዚያ ኋላ ተቀምጦ ይስቃል።

መዝገቡ በስተግራ ጠረጴዛው ላይ ነው። ገንዘብ ያልያዛችሁ፣ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ቤት ያላችሁ፣ ለስንት ልጅ አልጋ እንዳላችሁ ጻፉ። ሾኔ ላይ እስካሁን የተመዘገበ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሾኔ ልጆች፣ ምሳ ሳይቀርብ ተነሡ እንጂ!