ቀኝ የሚለው ቃል
(በጌጃ ሰፈር የተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው፤ ስለ ቀኝ። ወደዚህ ወደ ጌጃ ሰፈር የሚመጣ እንግዳ መንገድ ሲጠፋው «ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ከዚያ ወደ ግራ» ይሉታል። እዚህ ላይ ቀኝ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቃሏ ግን ሌላም ብዙ ነገር ትሸከማለች።

ጠዋት ከቤት ስንወጣ «በቀኝ አውለኝ» እንላለን። ታማኝ ረዳት «ቀኝ እጁ ነው» ይባላል። ነገር የተደበላለቀበት ሰው ደግሞ «ግራ ገባኝ» ይላል። በነገሥታቱ ዘመን የጦሩን ቀኝ ክንፍ የሚመራው ቀኝ አዝማች፣ ግራውን የሚመራው ግራ አዝማች ነበር፤ በማዕረግም ቀኙ ይበልጣል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሹመቱ ቀረ። በቤተ ክርስቲያን ግን ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ዛሬም አሉ።

በግዕዝ ቀኝ «የማን»፣ ግራ «ፀጋም» ይባላል። ትግርኛ ተናጋሪዎች አሁንም እንዲሁ ይላሉ። ዓረቦች «የሚን» ይሉታል። ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ላዞረ ሰው ደቡብ በቀኙ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችው የመን ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ብንያም የሚለው ስምም «የቀኝ እጅ ልጅ» ማለት ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ የግራኞች ነገር ነው። በግራ እጁ እርሳስ የያዘ ልጅ ጣቱን ይመታ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አንድ አባት ፊደል ማንበብ ችለው መጻፍ እምቢ አሉኝ። ምነው ስላቸው፣

«ልጄ፣ እጄ ግራ ነው። ሰው ይስቅብኛል» አሉ።

«አባባ፣ በግራ የለመደ በሬዎን በቀኝ ይጠምዱታል?» አልኳቸው።

«እንዴት ተደርጎ! ትልሙን ያበላሽብኛል።»

ይህን ብለው ራሳቸው ሳቁ። በማግስቱ ደብተር ይዘው መጡ፤ በግራቸውም ስማቸውን ጻፉ። ጽሕፈታቸው ከብዙዎቻችን ያምር ነበር።

ፍርድ ቤት ገብታችሁ አድምጡ። ዳኛው «ግራ ቀኙን ሰምቻለሁ» ይላል፤ ሁለቱን ተከራካሪዎች ማለቱ ነው። እዚያ ግራ ይቀድማል፤ የሚቀየም ግን የለም።

መኪናም ቢሆን በአገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የሚነዳው። በቀኝ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ከዚህ ወጥታችሁ አስፋልት ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ግራችሁ ተመልከቱ። መኪናው የሚመጣው ከዚያ ነው።