ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ብርድ ወራት



የዛሬው ንግግራችን ብርድ በገባ ቁጥር በየቤቱ ስለሚሰማ አንድ ሮሮ ነው። ይኸውም አባቶች «ጉልበቴን ያዘኝ» እያሉ ከመደብ ሳይወርዱ ሲውሉ፣ እናቶችም ከበርጩማ ለመነሣት ግድግዳ ሲደግፉ የምናየው ሕመም ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸውና የክረምቱ እርጥበትና የኅዳር፣ የታኅሣሥ ሌሊት ቁር ለደገኛው እንግዳ አይደለም። ስለዚህም ብዙ ሰው የሕመሙ ምክንያት ብርድ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዕድሜ የገፉትን ሰዎች ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳምመው፣ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚያለብሰው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ መሄዱና መገጣጠሚያው በጠቅላላው መጎዳቱ ነው። ብርድ ይህን በሽታ አይፈጥረውም፤ ነገር ግን ጡንቻን ስለሚያኮማትርና ሰውን ስለሚያስቀምጥ ግትርነቱን ያብሰዋል።

ታዲያ ብዙዎች የሚያደርጉት ምንድን ነው? ጋቢ ደርበው እሳት ዳር መዋል ነው። ሙቀቱ በእርግጥ ሕመሙን ያስታግሣል፤ መቀመጡ ግን ጉልበትን ደግፎ የሚይዘውን የጭን ጡንቻ ያደክማል። ጡንቻው ሲደክም ሸክሙ ሁሉ በመገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙ ሲበረታም ሰውየው ይበልጥ ይቀመጣል። እንዲህ እየሆነ በእግሩ ገበያ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው ከደጃፉ የማይወጣ ይሆናል። እንግዲህ ሙቀት ለእንቅስቃሴ መንገድ ጠራጊ ነው እንጂ ምትኩ አይደለም።

ስለዚህ ጧት ከመኝታ ሳትነሡ ጉልበታችሁን ቀስ እያላችሁ እጠፉ፣ ዘርጉ። ከዚያም ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ አኑሩበት። ሲፍታታ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንዱን እግር ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ እስከ 5 ቆጥራችሁ አውርዱ፤ ይህንንም በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ አድርጉ። ቀጥሎ ፀሐይ ሲሞቅ በደልዳላ መንገድ ተራመዱ። ጥቂት ቢያምም አያስፈራም፤ ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከቆየ ግን መጠኑን ቀንሱ። ከዝቅተኛ በርጩማም ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይሻላል።

ከዘራ የሚይዝ ሰው በታመመው ጉልበት አንጻር ባለው እጁ ይያዝ፤ ማለት ቀኝ ጉልበቱ የታመመ በግራ እጁ ይመርኰዝ። ክብደቱ የበዛም ሰው ይቀንስ። በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ የጉልበት ሕመም ያለበት ወፍራም ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ሸክም ይነሣለታል።

ከሦስት ነገሮች ግን ተጠንቀቁ። የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ቤት አድርጋችሁ አትተኙ፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየሩ በእንቅልፍ ይገድላል። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ምክር አታዘውትሩ፤ ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ጉልበት ድንገት አብጦ ቢቀላና ቢያተኩስ፣ ትኩሳትም ቢጨመርበት፣ ይህ የብርድ ነገር አይደለምና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

በመጨረሻም ቃላችን ለልጆች ነው። ወላጆቻችሁን ስለምትወዱ «አይነሡ፣ እኛ እናመጣለን» ትላላችሁ። አሳባችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለጉልበታቸው የሚበጀው ጋቢውን ደርባችሁላቸው፣ ከዘራውን አቀብላችሁ፣ እስከ ጎረቤት ድረስ አብራችሁ ብትራመዱ ነው።