የሚፈተነው ስልኩ ነው
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው አፕ የሚባሉ የጤና መተግበሪያዎች በየስልኩ እየገቡ ነው። የክኒን ሰዓት የሚያስታውስ አለ፤ የደም ግፊት ልክ የሚመዘግብ አለ፤ የሐኪም ቀጠሮ የሚያሳስብም አለ። ልጆቻችን ጎንደር ወርደው ሲመለሱ ይጭኑልናል። ችግሩ ብዙው የተሠራው ዓይኑ ደህና ለሆነና ፊደል ለቆጠረ ወጣት መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ መተግበሪያ ለሕዝብ ከመታደሉ በፊት ለሚገለገልበት ሰው ሰጥቶ ማየት ያስፈልጋል። የአጠቃቀም ሙከራ የሚሉት ይህንኑ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አዛውንቱ ተቀምጠው ስልኩ በእጃቸው ይሰጣል። «ጧት የሚውጡትን ክኒን ያስመዝግቡ» ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ ፈታኙ አፉን ይዘጋል። «እዚያ ጋ ይጫኑ» ማለት የለም፣ እጅ መዘርጋትም የለም። የት ላይ እንደቆሙ፣ ምን እንደነኩ፣ ምን ብለው እንዳጉረመረሙ ብቻ ይጽፋል።

እኛም በማኅበሩ ቤት ከጥቂት አዛውንቶች ጋር ሞክረነው ነበር። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸው እንዳስጠናቸው «2 ሰዓት» የሚለውን ነኩ። ጧት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው! ስልኩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። ደንግጠው ተነሥተው ዋጡ። ሲነጋ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሊደግሙ ሲሉ ምራታቸው ደርሳ አስቆመቻቸው። ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም። የግፊት ክኒን ሲደራረብ አዙሮ ይጥላል፤ የስኳር ክኒን ሲደራረብ ደግሞ ስኳሩን ከልክ በላይ አውርዶ ራስን ያስታል። በዚህ ዕድሜ መውደቅ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግርም።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ስልኩ «ኖቬምበር 21» ይላል። ለአባቶቻችን ያ ቀን ኅዳር 12 ነው፣ የኅዳር ሚካኤል ነው። «ለሚካኤል ሐኪም ቤት ይሂዱ» ቢል ማን ይረሳል?

ሌላው የእጃችን ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠ፣ ድንች የቆፈረ ጣት ደርቆ ሻክሯል፤ ተች የሚሉት ስልክ ብዙ ጊዜ አይሰማውም። አንድ አባት አራት ጊዜ ነክተው እንቢ ሲላቸው «ይሄስ ሰው ይመርጣል» አሉ። ይህንኑ ቃል በቃል ጽፈነዋል። ለሠሪዎቹ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ እሱም ይሉኝታችን ነው። ከከተማ የመጣ ልጅ «እንዴት ነው፣ ተመቸዎት?» ሲል እኛ «ደግ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን። ምንም ሳይገባን ገባን እንላለን። እንግዳን ማሳፈር ነውር ነዋ! ልጁም «ኮሶዬ ላይ ሁሉም ወደዱት» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ከዚያ ያው ሌሊት 8 ሰዓት የሚጮኸው ስልክ ለዳባቱም ለደባርቁም ሽማግሌ ይታደላል። ስለዚህ አልገባኝም ማለት ባለጌነት አይደለም። የሚፈተነው ስልኩ ነው፤ ቢወድቅም የሚወድቀው እሱ ነው።

«እኛ ጥቂት ሰዎች ምን እንጠቅማለን?» ያላችሁም አላችሁ። በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው የዴንማርክ ተወላጅ ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ 5 ሰው ብቻ በደንብ ቢታይ ከጉድለቱ 85 በመቶ ያህሉ ይገለጣል። ይህ አያስተማምንም ብለው የተከራከሩትም አሉ። እኛም የምንለው አለን፤ አምስቱም ዓይናቸው ደህና ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ማየት የደከማቸው፣ መስማት የደከማቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ሁሉም መኖር አለባቸው።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ማንበብ የለ፣ መጫን የለ፣ ሁሉም ሰማ። የሰለቸውም ነበር፤ ቢሆንም መልእክቱ ደርሶታል። በእኛ አስተያየት ለአዛውንት የሚሠራ መተግበሪያ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ ድምፅ መናገር አለበት።

አንድ ነገር እንጨምር። የብዙዎቻችን ስልክ በልጅ ልጅ እጅ ነው የሚውለው። ሕመሙን ሰው እንዲያውቅበት የማይፈልግ አለ። የሚነበበውን ማን እንደሚያነበው ፈታኞቹ መጠየቅ ይገባቸዋል።

በመሆኑም በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በማኅበሩ ቤት ሙከራው ይደገማል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ወንዶችም ሴቶችም እንዲገኙ እናሳስባለን። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን፣ ክኒን የምትውጡ የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ። ቁልፍ ያለው ስልክ ብቻ ያላችሁም አትቅሩ። የመጣችሁበትን ጉድለት በየስማችሁ ሳይሆን በቁጥር ብቻ ጽፈን ለሠሪዎቹ እንልካለን። አጅበዋችሁ የሚመጡ ልጆች ደጅ ይቆያሉ፤ ቡናው ሲፈላ እንጠራቸዋለን።