የቻይና ኩባንያ በግሪክ ወደብ

ቻይና «ወደ ውጭ መውጣት» የተሰኘውን ፖሊሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅዷ ስታካትት፣ የውጭ ካፒታል ሲቀበሉ የቆዩት ኩባንያዎቿ በተራቸው ከአገር ወጥተው ገበያ፣ ጥሬ ዕቃና ቴክኖሎጂ እንዲይዙ መፈለጓ ነበር። የአካሄዱን ትዕግሥት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በአቴንስ አጠገብ የሚገኘው የፒሬየስ ወደብ ነው። ኮስኮ የተባለው መንግሥታዊ የመርከብ ድርጅት በ2008 የፈረመው ውል ግዢ ሳይሆን ኮንሴሽን ነበር፤ ይኸውም ንብረቱ የግሪክ እንደሆነ ቀርቶ፣ ኩባንያው ክፍያ እየፈጸመ የኮንቴይነር ማራገፊያዎችን ለረጅም ዓመታት የሚያስተዳድርበትና የሚያስፋፋበት ስምምነት ነው። ግሪክ በዕዳ ቀውስ ተጨንቃ የመንግሥት ድርሻዎችን ለመሸጥ በተገደደች ጊዜ ኮስኮ ቀድሞውኑ በወደቡ ውስጥ ስለነበር፣ በ2016 የወደቡን አስተዳዳሪ ኩባንያ 51 በመቶ ድርሻ በ280.5 ሚሊዮን ዩሮ ገዛ፤ በ2021ም ድርሻውን ወደ 67 በመቶ አሳደገ።

በ2010 አንድ ሚሊዮን የማይሞላ ኮንቴይነር (ባለ 20 ጫማው መለኪያ ሆኖ) ያስተናገደው ወደብ በ2019 ከአምስት ሚሊዮን በላይ ማስተናገዱ እውነተኛ ስኬት ነው። ሆኖም የጭነት ብዛት ብቻውን ሚዛን ሊሆን አይገባም፤ የወደብ ሠራተኞች ስለ ሥራ ላይ ደኅንነትና በንዑስ ተቋራጭ በኩል ስለሚፈጸም ቅጥር አድማ መትተዋል፣ ተጨማሪው 16 በመቶ ድርሻም የተላለፈው ኮስኮ የገባቸው የግንባታ ግዴታዎች ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቁ ነው።